መረጃ በእጅ ስልክ ሲደርስ፦ ኢንተርኔት የለወጠው የዕለት ኑሮና ከተገልጋዩ የሚጠበቀው ጥንቃቄ

በአገራችን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ ቆይቷል። ቀደም ባለው ጊዜ አዋጅ በገበያ ቦታና በአደባባይ ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» የሚለውን ስም ያገኘውም ከዚሁ ልማድ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ መታተም ጀምሮ ነበር። የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ።

ከኢንተርኔት በፊት የነበሩት መንገዶች በሙሉ የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አላቸው። ሰሚው የሚናገረውን ያውቀዋል። ነጋሪት ጎሳሚው በአደባባይ ቆሞ ይታያል፤ ጋዜጣው ስምና አሳታሚ አለው፤ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያውም በድምፁና በመለያው ይለያል። ዛሬ በእጅ ስልካችን ላይ ግን የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፣ የባንክ መልእክት፣ የዘመድ ሰላምታና የአጭበርባሪ ማታለያ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት የጥሪ ድምፅ ይደርሳሉ። ቀድሞ አዘጋጁና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያከናውኑት የነበረው የማጣራት ሥራ በከፊል ወደ ተገልጋዩ ተሸጋግሯል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ ምን እንደሆነ ማስረዳትና ተገልጋዩ ገንዘቡን፣ ጊዜውንና የግል መረጃውን ጠብቆ አገልግሎት እንዲያገኝ የሚረዱ ነጥቦችን ማቅረብ ነው።

በዕለት ኑሯችን ምን ተለወጠ?

ለውጡ ጎልቶ ከሚታይባቸው ዘርፎች አንዱ የገንዘብ ክፍያ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ፣ የአገልግሎት ሂሳብ መክፈልና ዕቃ መግዛት በእጅ ስልክ የሚከናወን ተግባር ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የነዳጅ ግብይት በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲፈጸም በመደረጉም አሽከርካሪዎች በማደያ የሚከፍሉት በስልክ ሆነ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም ቢሆን ከለውጡ ውጭ አይደለም። በመደበኛ የእጅ ስልክ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት በቴሌብር መገልገል ይቻላል።

ሁለተኛው የመንግሥት አገልግሎት አሰጣጥ ነው። ቀድሞ ማመልከቻ ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ በመስኮት ፊት ተሰልፎ ይፈጸም ከነበረው ጉዳይ ቀላል የማይባለው ክፍል ዛሬ በኢንተርኔት ይጀመራል፤ አንዳንዱም በዚያው ይጠናቀቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ውጤቱን ለማየት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ፊት ይጋፋ የነበረበት ጊዜ አልፎ፣ መላው ቤተሰብ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚጠባበቅበት ጊዜ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም አንድ ሰው ማንነቱን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚያረጋግጥበትን መንገድ ከፍቷል።

ሦስተኛው የቤተሰብ ግንኙነት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ከሚኖር ዘመድ ጋር ለመነጋገር ደብዳቤ፣ በካሴት የተቀዳ ድምፅ ወይም ውድ የስልክ ጥሪ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር ተችሏል። በዚያው መጠን በሩቅ አገር የተሰማ ወሬ በዚያው ሰዓት ወደ ገጠር ቀበሌ ይገባል፤ በቀበሌ የተሰማውም በዚያው ሰዓት ባሕር ይሻገራል።

ዜና የመስማት ልማድ እንዴት ተቀየረ?

ቀድሞ ዜና የራሱ ሰዓት ነበረው። ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ቤተሰብ፣ አንዳንድ ጊዜም ጎረቤት ጭምር፣ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አንድ ዓይነት ዜና ይሰማ ነበር። ያልገባው ይጠይቃል፤ የተጠራጠረ ይከራከራል። ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አራት ሰዎች በአራት ስልክ አራት የተለያየ ዜና ሊያዩ ይችላሉ። ዜናው ሰዓት አይጠብቅም፤ ሰውየው ባይፈልገውም ራሱ ፈልጎት ይመጣል።

ሁለተኛው ለውጥ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በጋዜጣ የፊት ገጽ የሚወጣውን የሚመርጠው አዘጋጅ ነው። በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ላይ ግን ከፊት የሚቀመጠውን በአብዛኛው የሚወስነው ሰዎች ምን ያህል እንደተመለከቱት፣ አስተያየት እንደሰጡበትና እንዳጋሩት የሚያሰላ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሚለካው የሰዎችን ትኩረት እንጂ የነገሩን እውነትነት አይደለም። ስለዚህ አንድ መልእክት በብዙ ሺህ ሰዎች መታየቱ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም፤ የሚያስቆጣና የሚያስደነግጥ ነገር ከተረጋጋ ማብራሪያ ይልቅ በፍጥነት የሚዛመተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛውና ለተገልጋዩ ከሁሉም በላይ አስፈላጊው ለውጥ የእምነት መለዋወጥ ነው። አንድ ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መነሻው ይጠፋል፤ የሚቀረው የመጨረሻው ላኪ ስም ብቻ ነው። ተቀባዩም «እህቴ የላከችልኝ ነው»፣ «የዕድራችን ጸሐፊ በቡድናችን ገጽ ላይ ያስቀመጠው ነው» በማለት ያምነዋል። እህትም ሆነች ጸሐፊው በቅንነት ያደረጉት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የላኪው ታማኝነት ስለ ላኪው ይናገራል እንጂ ስለ መልእክቱ አይናገርም። የታመነ ሰው ያልታመነ መልእክት ሊያስተላልፍ ይችላል። ኢንተርኔት ካመጣቸው ለውጦች ሁሉ ዜጎች ሊያስተውሉት የሚገባው ቀዳሚ ነጥብ ይህ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት

አንዲት ሥራ ፈላጊ ወጣት በአብሮ አደጓ በኩል አንድ ማስታወቂያ ደረሳት እንበል። ማስታወቂያው በአንድ የባሕረ ሰላጤው አገር የቤት ውስጥ ሥራ መኖሩን ይገልጻል፤ የመሥሪያ ቤት አርማ፣ ክብ ማኅተምና ፊርማ አለው። «ቦታው ሊሞላ ጥቂት ቀርቷል» ይልና ለቪዛ ማስፈጸሚያና ለአውሮፕላን ትኬት ቅድሚያ ክፍያ በአንድ ግለሰብ የስልክ ቁጥር በኩል እንዲላክ ይጠይቃል። ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ወይም ከዕቁብ ተበድሮ ገንዘቡን ቢልክ፣ በማግሥቱ ያ ስልክ ላይሠራ ይችላል።

ይህች ወጣት ሦስት ነገሮችን ብታውቅ ኖሮ ማታለያው ገና ከጅምሩ ይገለጥላት ነበር። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ሁለተኛ፣ በኤጀንሲ በኩል የሚደረግ ስምሪት የሚከናወነው ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ በተሰጠው ኤጀንሲ ነው፤ ፈቃድ መኖሩንም ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስተኛ፣ በፎቶግራፍ የተላከ ማኅተም ምንም አያረጋግጥም። ከአንድ እውነተኛ ደብዳቤ ላይ ማኅተሙንና ፊርማውን ቆርጦ በሌላ ጽሑፍ ላይ መለጠፍ በእጅ ስልክ ጭምር የሚሠራ ነገር ነው። በወረቀት ዘመን ማኅተም ላይ የነበረን እምነት ሳይለወጥ ወደ ስልክ መሸጋገሩ ለብዙ ማታለያዎች በር ከፍቷል።

ከምሳሌው የሚገኘው ትምህርት ለሌሎች አገልግሎቶችም ይሠራል። የአገልግሎቱን አካሄድ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ለምሳሌ የፋይዳ ምዝገባ የአሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌን ምስልና የፊት ፎቶግራፍ በአካል መስጠትን የሚጠይቅ፣ ለመመዝገብም ክፍያ የሌለው ነው። ይህን የሚያውቅ ተገልጋይ «ገንዘብ ይላኩ፤ ምዝገባውን ቤትዎ እንደተቀመጡ እንጨርስልዎታለን» የሚል መልእክት ሲደርሰው ሐሰት መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳል።

ከማመን በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ውድ ተገልጋዮች፣ አገልግሎትን የሚመለከት ማንኛውም ማስታወቂያ በስልክዎ ሲደርስዎ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንዲያነሡ ይመከራል።

1. መነሻው ማን ነው?

መልእክቱን ማን እንዳስተላለፈልዎ ሳይሆን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ይጠይቁ። በምስል የደረሰ ማስታወቂያን በመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ገጽ ላይ ይፈልጉት። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የድረ ገጽ አድራሻ በአብዛኛው «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ተብሎ በሚነበበው መለያ ያበቃል። መመልከት የሚገባውም የአድራሻውን መጨረሻ ነው፤ ከመጀመሪያው የዝባዝ መስመር በፊት ያለው የመጨረሻው ክፍል ማለት ነው። አታላዮች የመሥሪያ ቤቱን ስም ወይም «ጎቭ» የሚለውን ቃል በአድራሻው መካከል አስገብተው መጨረሻውን በሌላ ስም ሊዘጉት ይችላሉ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚገኝ ገጽም ስምና አርማ ስለያዘ ብቻ ይፋዊ አይሆንም። ትክክለኛውን ገጽ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ተነሥቶ ማግኘት የተሻለ ነው።

2. መቼ የወጣ ነው?

ብዙ ጊዜ ሰዎችን የሚያሳስተው ሐሰት የሆነ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ጊዜው ያለፈበት እውነተኛ ማስታወቂያ ነው። ያለፈ ዓመት የምዝገባ ጥሪ ዳግመኛ ሲዘዋወር ሰው ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ በከንቱ ሊጓዝ ይችላል። በተለይ የዘመን አቆጣጠሩን ያስተውሉ። «2017» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ በእኛ አቆጣጠርና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚያመለክተው ጊዜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይራራቃል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «9:00» የሚል ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ወይም በሌላው አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ከመጉላላት ያድናል።

3. ምን እንድሰጥ ይጠይቀኛል?

መልእክቱ መረጃ የሚሰጥ ነው ወይስ የሚቀበል? ገንዘብን ወደ ግለሰብ ሂሳብ ወይም ስልክ ቁጥር መላክን፣ የሚስጥር ቁጥርን፣ በአጭር መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርን ወይም የመታወቂያ ፎቶግራፍን የሚጠይቅ ከሆነ ይቁሙ። «ዛሬ ካልሆነ ያልፍዎታል» የሚል ማጣደፊያ ሲጨመርበት ደግሞ ጥርጣሬዎ ይጠንክር። የሚያጣድፍ ሰው የማመዛዘኛ ጊዜ ሊነሣዎት ይፈልጋል።

4. ሌላ ቦታ ይገኛልን?

አንድ ትልቅ ለውጥ፣ ለምሳሌ አዲስ ክፍያ ወይም አዲስ የምዝገባ ግዴታ፣ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ብቻ ተነግሮ አይቀርም። በመሥሪያ ቤቱ ገጽ፣ በታወቁ የመገናኛ ብዙኃን ወይም በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጽሕፈት ቤት መኖሩን ያረጋግጡ። አዋጅ ወጣ ከተባለም የፌዴራል አዋጆች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ስለሚታተሙ የአዋጁን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ይገባል። ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዞ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅና ገጽታ አስመስሎ መሥራት በተቻለበት በዚህ ጊዜ፣ ባለሥልጣን ሲናገር የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

የሚስጥር ቁጥርና የረዳት ጉዳይ

ኢንተርኔት የሁሉንም ሰው ኑሮ በእኩል መጠን አላቀለለም። ማንበብ የማይችሉ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ማየት የተሳናቸው፣ ወይም ኔትወርክ በማይዘልቅበት አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች አገልግሎቱን የሚያገኙት በልጅ፣ በጎረቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ እርዳታ ነው። ይህ የመረዳዳት ባህላችን መልካም ገጽታ ሆኖ ሳለ አደጋም አለው። እናት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሚረዳቸው ሰው ሲነግሩ የቤታቸውን ቁልፍ የሰጡ ያህል ነው።

ስለዚህ ረዳት የሚያስፈልገው ሰው በተቻለ መጠን አንድ የሚያምነውን የቤተሰብ አባል ይምረጥ። የሚስጥር ቁጥሩን በቃል ከመናገር ይልቅ ራሱ መጫን ቢለማመድ ይመረጣል። ቁጥሩን የትውልድ ዓመት ወይም ተከታታይ ቁጥር አለማድረግ፣ በስልኩ ሽፋን ላይ ጽፎ አለመያዝ፣ በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ከተገለገሉ በኋላም ከገጹ መውጣትና የተተዉ ሰነዶችን ማጥፋት ያስፈልጋል። ሌላውን የሚረዱ ወጣቶችም የሚያዩት የሌላ ሰው ምስጢር መሆኑን አስበው በአደራ ሊጠብቁት ይገባል።

በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ የተገልጋዩ ኃላፊነት ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበስቡ አካላት ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ለባለ መረጃውም መብት ይሰጣል። ማንኛውም ሰው መረጃው ለምን ዓላማ እንደሚፈለግ ሊያውቅ፣ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ሊያይና ስሕተት ካለውም እንዲታረም ሊጠይቅ ይችላል። በመሆኑም ቅጽ ሲሞሉ «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠር አይገባም፤ መብት ነው።

ማጋራትም ተግባር ነው

ቀድሞ ብዙዎቻችን የዜና ተቀባዮች ብቻ ነበርን። ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀባይም አሠራጭም ነው። ለመቶ ሰዎች በአንድ ጊዜ መልእክት የሚልክ ግለሰብ የሚሠራው ሥራ ከትንሽ ጋዜጣ ሥራ ብዙም አይለይም፤ ኃላፊነቱም እንዲሁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨትን ይከለክላል፤ ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲፈጸምም ቅጣቱን ያከብዳል።

ነገር ግን ከሕግ ቅጣት በፊት የሚታሰበው ሰው ነው። ሳያረጋግጡ ያጋሩት የሥራ ማስታወቂያ የጎረቤትን ልጅ ሊያስዘርፍ ይችላል። ሳያጣሩ ያስተላለፉት የሕክምና ምክር ታማሚውን ከሐኪም ቤት ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር አለማስተላለፍ፣ አስቀድመው አስተላልፈውት ሐሰትነቱን ሲረዱ ደግሞ በዚያው ቡድን ላይ በግልጽ ማረም ይገባል። ስሕተትን ማረም አያሳፍርም፤ ይልቁንም ቀጣዩን ቃልዎን ታማኝ ያደርገዋል።

ጉዳት ከደረሰ ምን ይደረጋል?

ተገልጋዩ ተታሎ ገንዘብ ከላከ ወይም የሚስጥር ቁጥሩን ከሰጠ ጊዜ ሳያጠፋ የሚከተሉትን ያድርግ።

• ለባንኩ ወይም ለተንቀሳቃሽ ገንዘብ አገልግሎት ሰጪው ወዲያውኑ በማሳወቅ ሂሳቡ እንዲታገድ ይጠይቅ፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ይለውጥ።

• የተላኩለትን መልእክቶች፣ የደወለለትን ስልክ ቁጥር፣ የክፍያ ማረጋገጫውንና ያየውን ማስታወቂያ ሳያጠፋ ያስቀምጥ። በንዴት የተሰረዘ መልእክት የጠፋ ማስረጃ ነው።

• በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ያመልክት። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልና የሌላን ሰው ማንነት መስረቅ በወንጀል ያስጠይቃል።

• በስሙ ማታለያ ለተፈጸመበት መሥሪያ ቤት ያሳውቅ፤ ሌሎች ተገልጋዮች እንዲጠነቀቁ ይረዳልና።

ብዙ ሰዎች «ሞኝ ያሰኘኛል» በሚል ኀፍረት የደረሰባቸውን አይናገሩም። ዝምታው የሚጠቅመው አታላዩን ብቻ ነው። የሚታለለው ያልተማረ ሰው ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ማታለያዎቹ የሚዘጋጁት የተጨነቀን፣ የቸኮለንና ተስፋ ያደረገን ሰው ለማጥመድ ነው፤ እነዚህ ስሜቶች ደግሞ በማንም ላይ ይደርሳሉ።

ማጠቃለያ

ኢንተርኔት ርቀትን አሳጥሯል፤ ወረፋን ቀንሷል፤ ቀድሞ ለጥቂቶች ብቻ ይደርስ የነበረን መረጃ ለብዙኃን አድርሷል። ይህን ጥቅም በሥጋት ምክንያት መተው አይገባም። የሚያስፈልገው ቀድሞ በነጋሪት ዙሪያ የቆመው ሰው ያደርግ የነበረውን ማድረግ ነው፤ እርሱ ከመስማቱ በፊት ተናጋሪውን ያይ ነበር። ዛሬም ከማመን በፊት መነሻውን መመልከት፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ፣ ከማጋራት በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ጉዳዩን የተጠራጠረ ተገልጋይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ወይም ደውሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ለመጠየቅ የሚወስደው ጥቂት ጊዜም ገንዘቡንና ልፋቱን ሊያድንለት ይችላል።